የማሂር እጅ

ጠዋት ኢዮስያስ ፊቱን ሲታጠብ ወኪሉ የትናንቱን ይነግረዋል። የሚነግረው በራሱ በኢዮስያስ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ለስለስ ያለ ከመሆኑ በቀር ልዩነት የለውም።

«ትናንት ሁለት ለቅሶ ደርሰሃል። የአለቃህን ልጅ እንኳን ተመረቅክ ብለሃል። እህትህን ጉልበትሽ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቀሃል፤ ተሽሎኛል ብላለች። ከሜላት ጋር ስለ መጋረጃው የነበረው ነገር አልቋል። ሰማያዊው እንዲሆን ተስማምታችኋል።»

«እሺ» ይላል ኢዮስያስ የጥርስ ሳሙናውን እየተፋ።

እሺ ማለት ያስፈልጋል። እሺ ካልተባለ ወኪሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደግመዋል። በዚያው ሰዓት ከመኝታ ቤት ሚስቱ ሜላት ለራሷ ወኪል እሺ ስትል ይሰማል። ከጎረቤት ግድግዳ ማዶም እንዲሁ። በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ አዳማ የምትነቃው በዚህ ቃል ነበር።

ወኪሉ ሳንቲም የምታክል ነገር ናት። ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ትሰካለች። ሰው ሲሞት በሟቹ ቤት ግድግዳ ላይ የባለቤቷን ፊት አሳይታ ታለቅሳለች። ልጅ ሲወለድ ትስቃለች፣ በበዓል ትመርቃለች። የተጣላ ካለ ከሌላው ሰው ወኪል ጋር ተነጋግራ ታስታርቃለች። ስለዚህ ማንም ከማንም ጋር ተኳርፎ አያድርም፤ ማንም ለቅሶ ቀረ ተብሎ አይወቀስም። ኢዮስያስ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በሥራ ቦታው ወኪሎች የተስማሙባቸውን ነገሮች እያየ አረንጓዴውን ምልክት ይጫናል። አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ቤቱ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር ነበረው። በጓዳው ጠረጴዛ ላይ ከአያቱ ዘመን የቀረ ደስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ከሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች ገጣጥሞ ነው የሠራው። ሳጥኑ ከአንዱ፣ ማዘርቦርዱ ከሌላው፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ የተበየደ። ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም፤ ኔትወርኩ እንዲህ ያለውን አሮጌ ነገር ማወቅ ካቆመ ቆይቷል። ኢዮስያስ የሚወድለት ዝምታውን ነበር። ካልነኩት አይናገርም። ምን ፈልገህ ነው ብሎ አይጠይቅም። ማታ ጥግ ላይ ያስቀመጡት ፋይል ጠዋትም እዚያው ጥጉ ላይ ነው።

ይህን ፍቅር የሚጋራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የድሬዳዋው ማሂር። የተዋወቁት በወጣትነታቸው መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ ተራ ውስጥ፣ አንድ ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱም እጃቸውን ጭነው ነው። ሻጩ ዋጋ እስኪጨምር ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ ማሂር ሳቀና «ውሰደው አቦ፣ ስትጨርስበት ትልክልኛለህ» አለ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየወሩ አንድ ነገር ይላላካሉ። አንዱ የስክሪን ጀርባ ስዕል ይሠራል፣ ሌላው የፎልደር ምልክት። ማሂር አንድ ጊዜ የቆሻሻ መጣያውን ምልክት በፍየል ቀየረው፤ ፋይል ሲጣልበት የፍየሉ ሆድ ይነፋል። ኢዮስያስ ያን ቀን ፋይል እየጣለ እየመለሰ ሲስቅ አመሸ።

ሥራዎቹን በፍላሽ ገልብጦ ለወኪሉ ይሰጣል፤ ወኪሉ ለማሂር ወኪል ያደርሳል። የማሂርም በዚያው መንገድ ይመጣል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የማሂር ሥራ አምሮበት ነበር። መስመሩ ጠርቷል፣ ቀለሙ ረግቷል። ኢዮስያስ ይህን አስተውሎ ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ «እጅህ ተፈታ እኮ ሰውዬ» ብሎ አስልኮለታል። ከሁሉ አብልጦ የወደደውን፣ የባቡር ጣቢያውን ስዕል፣ አሳትሞ ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

በግንቦት አንድ እሁድ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ከሳጥኑ ውስጥ አጫጭር ጩኸት መጣ። ኢዮስያስ ጩኸቱን ያውቀዋል፤ ራም ነው፣ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ካርድ። ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈታ፣ ራሙን ነቀለ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በላጲስ ፈገፈገው፣ መልሶ ሰካው። ጮኸ። ቦታ ቀየረለት። ጮኸ። ራሙ ሞቷል። እንዲህ ያለ ራም ደግሞ ከመርካቶም ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

ማሂር ግን ትርፍ ይኖረው ይሆናል። «ራም ላክልኝ በለው» አለ ወኪሉን።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ በማሂር ድምፅ። «ላንተ ያልሆነ ራም ለማን ሊሆን ነው አቦ! ጤናህ እንዴት ነው? ሜላትስ?»

ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ምንም አልመጣም። እንደገና አስላከ። «ረሳሁት እኮ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ» የሚል መልስ መጣ፤ አብሮ አንድ ስዕል ነበረው፣ የሚያምር ስዕል። ራም ግን የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ማሂር ስለ ድሬ ሙቀት ቀልዶ አሳቀው። ኢዮስያስ ስቆ ሲያበቃ ደንገጥ አለ። ማሂር ቀልደኛ ነው፣ ነገር ግን የኮምፒውተር ዕቃ ላይ ቀልድ አያውቅም። የተጠየቀውን ዕቃ በማግስቱ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚልክ ሰው ነበር።

«ድሬ ልሄድ ነው» አላት ሜላትን።

«በአካል?» አለች።

«በአካል።»

«ሰውየው ታመመ እንዴ?»

«አላመመውም።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ? ወኪልህ ይጠይቅልሃል።»

«ጠይቋል። ራም ግን በወኪል አይላክም።»

ሜላት ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ኮሌታዋ ዝቅ ብላ «ስንቅ እንዳይረሳ ንገሪልኝ» አለች፤ የኢዮስያስ ኮሌታ ወዲያው «ሜላት ስንቅ እንዳትረሳ ብላለች» አለ። አንድ ሜትር ያህል ተራርቀው ቆመው ነበር።

ባቡሩ የዕቃ ነው፤ ከኋላው አንድ የሰው ፉርጎ ተቀጥሎለታል። ውስጡ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ኮሌታዎቻቸው ግን ቀስ ባለ ድምፅ ያወራሉ። አንዱ ያስታርቃል፣ አንዱ ያጽናናል፣ አንዱ ለሰርግ ይመርቃል። ኢዮስያስ በመስኮት እያየ ሄደ። መምጣቱን ለማሂር አስነግሮ ነበር። «ና አቦ፣ በሩ ክፍት ነው» ብሎታል።

በሩ ተዘግቶ ነበር። ከዚራ፣ ዛፎቹ መንገዱን የሸፈኑበት ሰፈር ውስጥ፣ ሰማያዊ የብረት በር። ኢዮስያስ በእጁ አንኳኳ። ቆይቶ አንዲት ወጣት ከፈተች። የሚያንኳኳ ሰው ለምዳ አታውቅምና ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«ኢዮስያስ ነኝ፣ ከአዳማ። የማሂር ጓደኛ።»

«ጋሼ ኢዮስ?» አለች። ፊቷ በራ፣ ከዚያ ደግሞ ግራ ገባት። «እኔ ዘይነባ ነኝ፣ ልጁ። ይግቡ… ግን ምነው? ምን ሆነው ነው በአካል የመጡት?»

«ማሂር አለ?»

ዘይነባ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። «አባባ?» አለች። «አባባ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው እኮ ጋሼ። አላህ ይርሃመው።»

ኢዮስያስ አልገባውም። «ባለፈው ሳምንት ስዕል ልኮልኛል።»

«አዎ፣ እሱ ይልካል» አለች ዘይነባ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ እንደምታወራ በረጋ ድምፅ። «ወኪሉን አልዘጋነውም። እማማ አይዘጋ አለች። ሰላም የሚለውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላል። የማያውቁ ሰዎች አሉ፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ ብዬ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለቅሶ ደርሰዋል እኮ። እዚህ ግድግዳ ላይ። እንደ እርስዎ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እማማ እስካሁን ታነሳዋለች።»

ኢዮስያስ ግቢው ውስጥ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዘይነባ ውሃ ላምጣ ብላ ገባች። እሱ አንገቱን ወደ ኮሌታው ዘንበል አደረገ።

«ማሂር መሞቱን ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አለው የራሱ ድምፅ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ። ሐምሌ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን አምስት ለቅሶ ነበረህ፤ የማሂር ሦስተኛው ነው። እሺ ብለሃል።»

ያን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረ። የሚያስታውሰው ጠዋት ግን አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ እሺ።

«ከዚያስ በኋላ? በየወሩ ስዕል ሲመጣ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ይልህ ነበር» አለ ወኪሉ። «ደስ የሚልህን ነገር አላቋርጥም።»

ዘይነባ ውሃውን አመጣች። ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላት።

የማሂር ሚስት ኢክራም የአስር ሰላቷን ጨርሳ ሳሎን ጠበቀችው። በሰርጓ ቀን ካያት በኋላ በአካል ሲያያት ይህ ሁለተኛው ነው። ያኔ ቀጭን ነበረች፤ አሁን ከብዳለች፣ ዓይኗ ብቻ ያው ነው። እጁን በሁለት እጇ ያዘች፤ ቶሎ አለቀቀችውም። የሰው እጅ ከያዘች ቆይታለች መሰለው።

«ቁጭ በል» አለችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ማሂር፣ ጓደኛህ መጥቷል።»

ግድግዳው ላይ ማሂር ታየ። ጺሙ ተከርክሟል፣ ፊቱ ሞላ ብሏል። በሕይወቱ እንዲህ አምሮበት አያውቅም።

«ኢዮስ!» አለ። «አቦ በስንት ጊዜህ!»

ኢዮስያስ አፉን ከፈተ። ከአፉ ምንም ከመውጣቱ በፊት ኮሌታው መለሰ።

«መጣሁ እኮ አቦ! ድሬ ግን ሙቀቷን አልቀነሰችም!»

«ላንተ ብለን ልናቀዘቅዛት ነው?»

ተሳሳቁ። ስለ ፍየሉ አነሱ፣ ስለ መርካቶ ሻጭ አነሱ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። ኢዮስያስ የራሱን ሳቅ ከራሱ አንገት ሥር ሲወጣ እያዳመጠ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ያ ድምፅ እሱ ሆኖ የማያውቀውን ያህል ደስተኛ ነበር። ኢክራምም ተቀምጣ ታዳምጣለች። ሰው ዝናብ ሲሰማ እንደሚቀመጠው።

«በየቀኑ እንዲህ ናቸው?» አላት በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አንዳንዴ» አለች። «እኔም አስር ላይ እመጣና አብሬ እቀመጣለሁ።»

«መሞቱን እያወቅሽ?»

«ምን ነካህ፣ የሞተበትን የአልጋ ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ።» ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ማሂር! ሻይ በረደ ብሎ ቤት የሚያናውጥ ሰው። በየቀኑ እዚህ ተቀምጬ፣ አሁንስ ይቆጣኝ ይሆን እላለሁ። አይቆጣም። በዚህ ነው መሞቱን የማልረሳው።»

ግድግዳውና ኮሌታው እንደገና ሳቁ።

«ሊሞት ሰሞን ጠርቶህ ነበር» አለች ኢክራም። «ኢዮስ ይምጣ፣ ላየው እፈልጋለሁ እያለ። አንተም እመጣለሁ አልከው። በየሳምንቱ እመጣለሁ ትለው ነበር፤ እሱም ለኔ ይመጣል ይለኝ ነበር። ፍራሽ ሁሉ አስነጥፎልህ ነበር።»

 አላውቅም ነበር ማለት እውነት ነው፤ ግን ለማን ይባላል? ኢዮስያስ ኮሌታውን ነካ። ሳንቲሟን ነቀላትና የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ከአጠገቡ ርቃ አታውቅም ነበር፤ ሲተኛም ትራሱ ሥር ነበረች። አንገቱ ቀዘቀዘው። ሳንቲሟ ግን ሳይነካት ማውራቷን ቀጠለች፤ እሱ መኖሩም አለመኖሩም አላስፈለጋትም።

«ኮምፒውተሩ አለ?» አላት።

ኢክራም ተነሥታ ወደ ኋላው ክፍል መራችው። መስኮቱ በአቧራ ደብዝዟል፤ ከመስኮቱ ማዶ የጓሮው የልብስ ገመድ ይታያል። የማሂር ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ በሽርጥ ተሸፍኖ ነበር። ኢዮስያስ ሽርጡን አነሣ፣ ካቻቢቴውን ከቦርሳው አወጣ፣ ሳጥኑን ፈታ። ውስጡ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል፤ ፋኑ ሥር የእንሽላሊት እንቁላል ቅርፊት አለ። ራሙ እዚያው ቦታው ላይ ነው። አንድ ብቻ። ጣቶቹ ከልማድ የተነሣ ግራና ቀኙን ጫን አሉና ራሙ ብድግ ብሎ ወጣ። መዳፉ ላይ ይዞት ቆመ። የሱ ኮምፒውተር የሚፈልገው ይኸው ነው።

«አንተስ የመጣኸው ለዚህች ነው» አለች ኢክራም ከበሩ ላይ።

ቁጣ አልነበረባትም። እንዲያው አይታ የተናገረችው ነው። ኢዮስያስ ግን መዳፉ ላይ ያለው ነገር ከበደው። የራሱ ራም ባይበላሽበት ኖሮ በሚቀጥለውም ወር ስዕል ይቀበል ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት። እሱ ሲሞት ደግሞ ወኪሉ ለማሂር መላኩን ይቀጥላል፤ የማሂርም ወኪል እጅህ ተፈታ ይለዋል።

«አዎ» አለ። «ለዚህች ነው የመጣሁት።»

ከቦርሳው ላጲስ አወጣና ጥርሱን ቀስ አድርጎ ፈገፈገው። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፤ ቅርፊቱን አንሥታ ኢክራም በመሐረብ ያዘችው። ፓወር ሰፕላዩን አሸተተ፤ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ራሙን መልሶ ማሂር ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሰካው። ቁልፉን ሲጫን ፋኑ አቃሰተ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ነጭ ጽሑፍ ታየ። ባትሪዋ ስላለቀች ቀኑን ረስቷል። ኢዮስያስ ቀጥል አለው።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ጥጉ ላይ ፍየሉ ቆሟል፣ ሆዱ ባዶ። መሐል ላይ አንድ ፋይል ብቻ አለ፤ ስሙ «ለኢዮስ» ነው። ከፈተው።

ያላለቀ ስዕል ነው። የዚሁ መስኮት ስዕል፤ የልብስ ገመዱ፣ ሁለት አንሶላ፣ አንድ የተሰጣ ሻሽ። መስመሮቹ ቀጥ አላሉም። ገመዱ ሊሆን የታሰበው መስመር እየተንቀጠቀጠ ይወጣል ይወርዳል፤ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። አንሶላው ጫፍ ላይ አንድ ቦታ ማውሱ እንደ ወደቀ ሁሉ መስመሩ እስከ ስክሪኑ ዳር ተስቦ ሄዷል። ያንን ማጥፋት ቀላል ነበር፤ ማሂር ግን አላጠፋውም። ወይም አልቻለም።

ኢክራም ቀረበች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አወጣች።

«ይሄ የኔ ሻሽ ነው» አለች።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ የገመዱን መስመር ተከተለችው፤ ሲወጣ እየወጣች፣ ሲወርድ እየወረደች። የተቋረጠበት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«እጁ ነው» አለች። «መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ኩባያ ሲይዝ፣ ማንኪያ ሲይዝ። እኔ ልያዝልህ ስለው ይጮህብኝ ነበር።» ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተለወጠ፤ ጠረጴዛውን ያዘች።

ኢዮስያስም አለቀሰ። ለማልቀስ አልተዘጋጀም ነበርና የሚያስቅ እንግዳ ድምፅ ወጣው፤ እንደሚያስነጥስ ሰው። ግድግዳ ላይ ያለቀሰው ሰው ከሱ የበለጠ አሳምሮ ነው ያለቀሰው። ኢክራም ግን ወንበሩን ሳበችለት፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከሳሎን የሁለት ወንዶች ሳቅ ይሰማል። ዘይነባ ጓሮ ልብስ እያነሣች ነው፤ ሳሎን ውስጥ ማንም የለም።

«ይህን መስመር» አለች ኢክራም ወደ ገመዱ እያመለከተች፣ «አንተ ማስተካከል ትችላለህ?»

«እችላለሁ። አንድ ጊዜ መጫን ነው።» እጁ ማውሱ ላይ ነበር።

ኢክራም እጇን በእጁ ላይ ጫነች።

«አታስተካክለው» አለች።